ዘፈናችሁ ከደሴ ሬዲዮ እንዲሰማ፦ ከፍላሽ እስከ አየር

የመጀመሪያ ዘፈኔን ይዤ ወደ አንድ ጣቢያ የሄድኩ ቀን ኪሴ ውስጥ የነበረው አንድ ፍላሽ ብቻ ነው። ፍላሹ ላይ የወንድሜ የሰርግ ፎቶ፣ የሁለት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ኖት፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ቫይረስ እና «ፋይናል የመጨረሻ 2» የሚል ፋይል ነበር። ዘፈኑ 7 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ይፈጃል። የኔ ድምፅ የሚገባው መሲንቆው 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ካለቀሰ በኋላ ነው። አዘጋጁ ጥሩ ሰው ነበር፤ ሻይ ጋበዘኝ። ፍላሹን ሰክቶ 40 ሰከንድ ያህል ሰማና ቀና ብሎ አየኝ። «መቼ ነው የምትዘፍነው?» አለኝ።

ሳቅሁ፤ ግን አፈርኩ። ዘፈኑም አየር ላይ አልወጣም። አሁን ሳስበው እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላወጣውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ሥራ ይዤ ብዙ ተመላልሻለሁ። ዘግይቶ የገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ «ሬዲዮ ጣቢያ» ዘፈን አይቀበልም። ያለው የቅዳሜ ከሰዓት ፕሮግራም ነው። ያለችው ያንን ሰዓት ለመሙላት ሳምንቱን ሙሉ ስትሯሯጥ የምትከርም አንዲት አዘጋጅ ናት። ዘፈናችሁ የሚሄደው ወደ ጣቢያ ሳይሆን ወደ አንድ ሰዓትና ወደ አንድ ሰው ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ የዚያን ሰው ሥራ ለማቅለል ነው።

የምጽፈው ያለ አሳታሚና ያለ ማናጀር በራሳቸው ብር ሠርተው ለሚያወጡ ነው። ምሳሌዎቼ ከደሴና ከኮምቦልቻ ናቸው። ወልድያ ወይ ላሊበላ ያላችሁ የጣቢያውን ስም ብቻ ቀይሩ።

መጀመሪያ ጆሮ

ዘፈኑን ለማንም ከመላካችሁ በፊት አንድ ሳምንት ሬዲዮ አዳምጡ። እንዲሁ ለጨዋታ አይደለም፤ ደብተር ይዛችሁ። ደሴ ላይ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ኤፍ ኤም 87.9 አለ፤ ፋና 96.0 አለ። ሁለቱም የራሳቸው የአካባቢ ፕሮግራም አላቸው። ከማዕከል የሚያስተላልፉት ደግሞ ሌላ ነው። ለናንተ የሚጠቅማችሁ እዚሁ ደሴ ተቀምጦ የሚዘጋጀው ነው፤ ምክንያቱም አዘጋጁን ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ።

ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የፕሮግራሙን ስም፣ የአቅራቢውን ስም ጻፉ። ከዚያ የተጫወቱትን ሦስት ዘፈን መዝግቡ። አዲስ ነው ወይስ የቆየ? አቅራቢዋ ስለ ዘፋኙ ታወራለች ወይስ ዝም ብላ ትለቀዋለች? መግቢያው ላይ ታወራለች? እስከ መጨረሻው ትተወዋለች ወይስ ግማሽ ላይ ትቆርጠዋለች? በሳምንቱ መጨረሻ ስድስት ሰባት ፕሮግራም ይኖራችኋል። ከነሱ ለናንተ የሚሆኑት ቢበዛ ሁለት ናቸው። የቀሩትን እርሷቸው።

የጠዋቱ ፕሮግራም ዜናና ስፖርት ይበዛበታል፤ ፈጠን ያለ አጭር ዘፈን ነው የሚፈልገው። የአድማጭ ምርጫ የሚባለው ሰው የሚያውቀውን ዘፈን እየጠራ የሚያስመርጥበት ስለሆነ ለአዲስ ሰው በሩ ጠባብ ነው። የቅዳሜና እሁድ መዝናኛ ሰፋ ይላል። የባህል ዝግጅት ግን ለኛ ለወሎዎች የተለየ ነው።

ለምን መሰላችሁ? የባህል አዘጋጅ ስለ ቅኝት፣ ማለትም ዜማው ስለሚሠራበት የድምፅ ስልት፣ ማውራቷ አይቀርም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ በቀጥታ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰ ተነስታ አምባሰል ሳይነሳ የሚያልፍ ፕሮግራም አላጋጠመኝም። ነገር ግን አዘጋጇ አዲስ ምሳሌ ስለማታገኝ በየዓመቱ ያንኑ የድሮውን ትደግማለች። ዘንድሮ የተሠራ፣ ጥራት ያለው፣ በባቲ የተቃኘ ዘፈን ብትሰጧት ለሷም ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ቅኝታችሁን እወቁ። «ባህላዊ ነው» ብቻ ብሎ ነገር የለም። ካላወቃችሁ መሲንቆ የሚጫወት ሰው ጠይቁ፤ ሁለት ስንኝ ሰምቶ ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አየር ላይ የምትሰሙት ሁሉ የጣቢያው ሠራተኛ አይደለም። ተባባሪ አዘጋጅ የሚባሉት የአየር ሰዓት ከጣቢያው ገዝተው፣ ስፖንሰር ፈልገው፣ የራሳቸውን ፕሮግራም የሚሠሩ ናቸው። ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ የአዘጋጆቹንና የድርጅቱን ስም ሲጠሩ ካዳመጣችሁ ትለዩታላችሁ። ለናንተ ልዩነቱ ምንድን ነው? የጣቢያው ሠራተኛ በላዩ አርታኢ አለበት፤ «እሺ» ለማለት ጊዜ ይወስዳል። ተባባሪ አዘጋጅ ቶሎ ይወስናል፤ ግን ስፖንሰር ሲያጣ ፕሮግራሙ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። እኔ ከሁለቱም አንዳንድ መያዝ ነው የምመክረው።

ዘፈኑን ለሬዲዮ መቁረጥ

ለሬዲዮ የተለየ ቅጂ ይኑራችሁ። ከ3 ደቂቃ ተኩል እስከ 4 ደቂቃ በቂ ነው። ድምፃችሁ ከ15 ሰከንድ በፊት ይግባ። መሲንቆው እንዲያለቅስ ከፈለጋችሁ አንድ ሐረግ ብቻ ያልቅስ። ረጅሙን ለዩቲዩብ አስቀምጡት፤ እዚያ የሚቸኩል የለም። እነዚያ 15 ሰከንዶች ግን ባዶ እንዳይሆኑ፤ አቅራቢዋ የምታወራው እነሱ ላይ ነው።

ስትቆርጡ ካለቀው ኤምፒ ስሪ ላይ በስልክ አፕ አትቁረጡ። አቀናባሪው ዋናውን የቅንብር ፋይል (ፕሮጀክቱን) ከፍቶ ይቁረጠው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቃጠላል፦ ብሩ ተከፍሎ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ አቀናባሪው ኮምፒውተሩ ሞላበትና ፕሮጀክቱን ሰረዘው። ስለዚህ ገና ስትዋዋሉ «የሬዲዮ ቅጂም ታወጣልኛለህ፣ ሙዚቃውን ያለ ድምፅም ትሰጠኛለህ» በሉ። ያለ ድምፁ ለቃለ መጠይቅ ጀርባ ያስፈልጋችኋል።

ስለ ድምፅ ጥራት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ዘፈን የሚወድቀው እዚህ ነው። ኤፍ ኤም ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አያስተላልፍም። በዚያ ላይ ጣቢያው ሁሉንም ዘፈን እኩል ለማድረግ በራሱ ማሽን ይጨምቀዋል። እናንተ አስቀድማችሁ እስኪፈነዳ ድረስ ጨምቃችሁ ከሰጣችሁት ሁለት ጊዜ የተጨመቀ ልብስ ይሆናል። ማስተር፣ ማለትም የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ፣ የሚያደርገውን ሰው «በጣም አታጩኸው፣ ትንፋሽ ተውለት» በሉት። መሲንቆ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የደጋኑ ፍትጊያ ስቱዲዮ ውስጥ ያምራል፤ የጣቢያው ማሽን ሲያነሳው ግን የቆርቆሮ ድምፅ ይሆናል። ትንሽ ቀንሱት። የሰው ድምፅ ከምትወዱት አንድ እርከን ከፍ ይበል።

ሞኖም ፈትሹ። ብዙ ሰው ሬዲዮ የሚሰማው በአንድ ስፒከር ነው፦ በስልክ፣ በልብስ ሰፊው አሮጌ ሬዲዮ፣ በሱቅ። ግራና ቀኝ እንዲሰፋ ተብሎ የተዘረጋ ኪቦርድ ሞኖ ሲሆን አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። አቀናባሪው አንድ በተን ተጭኖ ያሰማችሁ።

ከዚያ የባጃጅ ፈተና አለ። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ያመጣሁት ነው። ፍላሹን ይዤ ሸዋ በር ላይ ባጃጅ እይዛለሁ። እስከ ፒያሳ ብቻዬን ኮንትራት ከፍዬ «ወንድሜ፣ ይቺን ዘፈን ልስማት» እለዋለሁ። ሞተሩ እየጮኸ፣ ጡሩንባው እየተነፋ፣ ግጥሙ ይሰማል ወይ? አንድ ጊዜ የአንዲት ጓደኛዬን ዘፈን ይዤ ነበር። «ሐይቅ ዳር» የሚል አዝማች አለው፤ ስለዚሁ ከደሴ በስተሰሜን ስላለው ሐይቃችን ነው። ሾፌሩ ሦስት ጊዜ ሰማና ዞር ብሎ «ማንን ነው አይዳር የምትለው?» አለኝ።

«ሐይቅ ዳር» «አይዳር» ሆኖለታል። አንድ ሰው ሠርግ እንዳይደገስለት የምትራገም መስሎታል። ቃሏ ላይ ያረፈው ኪቦርድ ነበር ጥፋተኛው። ተመልሰን ኪቦርዱን ዝቅ አደረግነው፤ እሷም ያችን መስመር ብቻ ቃሉን ሰበር አድርጋ ደገመችው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ያ ሾፌር ባይኖር አዝማቹ እንደዚያው በአየር ይሄድ ነበር።

ሁለት ፋይል አዘጋጁ። አንዱ ዋቭ የሚባለው ያልታመቀ ፋይል፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት። ሌላው ኤምፒ ስሪ፣ 320 ኪሎ ቢት። ኤምፒ ስሪውን መልሶ ዋቭ ማድረግ ጥራት አይጨምርም፤ ከረጢቱን ብቻ ነው የሚያሰፋው። አዘጋጁን «ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ከዚያ አውርደው» ማለት ደግሞ ነውር ነው። ጥራቱም ይወርዳል፣ እሱንም ሥራ ታበዙበታላችሁ።

የፋይል ስምና አንዷ ወረቀት

የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ጻፉ። አማርኛችንን ጠልቼ አይደለም። አንዳንድ ጣቢያ የሚጠቀምበት አሮጌ የማጫወቻ ሶፍትዌር የግዕዝ ፊደልን ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳያል። አሥር ባዶ ሳጥን ከተደረደረ የናንተ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? መጀመሪያ የዘፋኙ ስም፣ ቀጥሎ ርዕሱ፣ መጨረሻ «ሬዲዮ» የሚል ቃል። «ፋይናል» የሚል ነገር አይግባ። ፋይሉ ውስጥ ባለው የመረጃ ሳጥን ደግሞ ስምና ስልክ ሙሉ። ዘፈኑን በአከፋፋይ በኩል ኢንተርኔት ላይ ካወጣችሁ አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይሰጣችኋል፤ እሱንም እዚያው አስገቡት።

ፍላሹ ባዶ ይሁን። ፎርማት አድርጉት። ሁለቱ የዘፈኑ ፋይሎች፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ ፎቶ፣ አለቀ። ላዩ ላይ በፕላስተር ስማችሁንና ስልካችሁን ለጥፉ። ይመለስልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ እስካሁን አራት ፍላሽ ገብሬአለሁ።

ወረቀቷ አንድ ገጽ ናት። የዘፈኑ ርዕስ፣ የዘፋኙ ስም ከነአነባበቡ (ሰለሞን ለሚባል ባይቸግርም ሰው ለሚያሳስተው ስም ያስፈልጋል)፣ ርዝመት፣ ቅኝት፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክስና ማስተር የማን እንደሆነ፣ የተቀረጸበት ከተማ፣ ስልክ። ዜማው የሕዝብ ከሆነ «የሕዝብ ዜማ» ብላችሁ ጻፉ። አያቶቻችን ሲያዜሙት የኖሩትን «ዜማ፦ በራሴ» ማለት ከአንድ ሽማግሌ አድማጭ ስልክ ያስደውላል፤ ስልኩን የምታነሳው ደግሞ አዘጋጇ ናት።

ከዚያ ስለ ዘፈኑ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር። ይቺ የወረቀቷ ነፍስ ናት። አቅራቢዋ በመግቢያው 15 ሰከንድ ላይ የምታነበው ይሄንን ነው። «በታዋቂው ድምፃዊ የተዜመ፣ ተወዳጅ ዜማ» አትበሉ። ታዋቂ ብትሆኑ ወረቀት አትይዙም ነበር። እንዲህ ይሁን፦

«ዘፈኑ በባቲ ቅኝት የተሠራ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ወጥታ ሳትመለስ ስለቀረች ልጅ ያወራል። መሲንቆውን የተጫወተው የዘፋኟ አጎት ነው።»

ይሄን ያነበበች አቅራቢ የምታወራው አላት። ገበያው፣ ልጅቷ፣ አጎቷ። ሦስት ነገር ሰጣችኋት።

ግጥሙንም ሙሉውን አትሙ። ጣቢያዎች ፈቃዳቸውን የሚያገኙት ከኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው፤ በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ላስተላለፉት ነገር ተጠያቂ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ አርታኢው ግጥም ያነባል። እኛ ደግሞ ሰምና ወርቅ እንወዳለን። ድርብ ትርጉም ያለው ስንኝ ካለ አዘጋጇን አስቀድማችሁ ንገሯት፤ አየር ላይ ከወጣ በኋላ ወርቁን ከሌላ ሰው አትስማ። ብሔርና ሃይማኖት የሚነካ ስንኝ ካለ ግን ባትለፉ ይሻላል። የመንዙማ ዜማ ወስዶ የፍቅር ዘፈን ማድረግም እንዲሁ። ወሎ ተቻችሎ ይኖራል ማለት ሁሉን ነገር ዝም ይላል ማለት አይደለም።

መብታችሁን በወረቀት

ይሄ አሰልቺ ነው፤ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወስደው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 አሉ። ግጥም ጸሐፊው፣ ዜማ ደራሲው፣ ከዋኙ (ዘፋኙና መሣሪያ ተጫዋቹ)፣ ቅጂውን ያሠራው ሰው፣ እያንዳንዱ መብት አለው። መብቱ ሥራው ሲፈጠር ነው የሚጀምረው፤ ለማስመዝገብ ከፈለጋችሁ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋ ይመዘገባል። ዋናው ነገር ከግጥሙና ከዜማው ባለቤት ጋር በጽሑፍ መስማማት ነው። «ጓደኛዬ ነው፣ ችግር የለም» የሚባለው ዘፈኑ እስኪሰማ ድረስ ነው። ከተሰማ በኋላ ጓደኝነት ይቀዘቅዛል። አንድ ገጽ ጻፉ፣ ሁለት ምስክር ያዙ፣ ሁላችሁም ፈርሙ።

ዘፈናችሁ በሬዲዮ ሲተላለፍ ክፍያ የማግኘት መብት በሕጉ አለ። ክፍያውን በጋራ የሚሰበስቡ ማኅበራትም በማሻሻያው ቦታ ተሰጥቷቸዋል። የኔ ምክር፦ ይሄን ብር አስባችሁ ብድር አትግቡ። ግን መዝግቡ። የተላለፈበትን ቀን፣ ሰዓትና ፕሮግራም በዚያው ደብተር ጻፉ። አንድ ቀን «መቼ ተላለፈ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ ባዶ እጃችሁን አትሁኑ።

መቼ?

ሁሉም ሰው አዲስ ዓመት ላይ ማውጣት ይፈልጋል። ጳጉሜን ላይ ታዋቂዎቹ ይለቃሉ፤ የናንተ እዚያ መሃል ገብቶ ይረገጣል። የበዓል ዘፈን ካልሆነ በቀር ያንን ሰሞን ተዉት።

የበዓል ከሆነ ደግሞ ከሦስት አራት ሳምንት በፊት እጃቸው ይግባ። የበዓል ልዩ ዝግጅት አስቀድሞ ነው የሚቀረጸው። ወሎ ላይ ሰው የሚረሳው ነሐሴ ነው። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ ሁሉም የልጃገረዶች የጨዋታ በዓላት ናቸው፤ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ነው የሚውሉት። የባህል ፕሮግራሞች ያን ሰሞን አዲስ ሥራ ፍለጋ ይዞራሉ፤ የሚያገኙት ግን ጥቂት ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጥሩ የሶለል ዘፈን ይዞ የመጣ ሰው በር አይቆምም። መስከረም 21 የግሸን ማርያም በዓል ነው፤ ያኔ መንፈሳዊው ይበዛል። የሰርግ ዘፈን ከሆነ ለጥር ታኅሣሥ ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ ላለው ደግሞ በጾሙ አጋማሽ ስጡ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። ሁለቱ የሚገናኙበት ዓመት ላይ የጭፈራ ዘፈን ይዞ መሄድ ትንሽ ያሳፍራል።

ምንም በዓል የማይነካው ዘፈን ካላችሁ ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ናቸው። ትዝታ ከሆነ ደግሞ ክረምት። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲመታ፣ ትዝታ ማን ይጠላል?

መላክና መሄድ

መጀመሪያ በቴሌግራም ወይም በስልክ መልእክት። ለጣቢያው ገጽ አይደለም፣ ለሰውየው። ስልኩን ከሌላ ዘፋኝ ወይም ከጣቢያው መቀበያ ታገኛላችሁ። ዘፈኑን እንደ ፋይል ላኩት። የድምፅ መልእክት አትላኩ፤ የሁለት ደቂቃ ቮይስ የሚሰማ ጊዜ ያለው አዘጋጅ የለም። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ሰሞን ከሆነ ፍላሹን አድርሱ።

እኔ የምልከው እንዲህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። … እባላለሁ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ በፕሮግራምዎ ስለ አምባሰል ያወሩትን ሰምቻለሁ። በባቲ ቅኝት የሠራሁት የ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነጠላ ዜማ አለኝ። ለቅዳሜው ሰዓትዎ ይሆናል ብዬ የሬዲዮ ቅጂውንና አንድ ገጽ መረጃ ልኬአለሁ። ባይሆን እንኳ አስተያየትዎን ብሰማ ደስ ይለኛል። ስልኬ …»

«ባለፈው ቅዳሜ» የምትለዋ ቃል ሥራውን ትሠራለች። ሰው መሰማቱን ይወዳል፤ ሬዲዮ ላይ የሚሠራ ደግሞ ይበልጥ። ግን እውነት ይሁን። ሳትሰሙ «ፕሮግራምዎን እከታተላለሁ» ብትሉ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ትያዛላችሁ።

በአካል ስትሄዱ የቀጥታ ስርጭት ሰዓት ላይ አትሂዱ። መታወቂያ ያዙ። በር ላይ «ሬዲዮ ፈልጌ ነው» አትበሉ፤ የሰውየውን ስምና ቀጠሮ ተናገሩ። ክራር ወይ መሲንቆ ከያዛችሁ ጥበቃው ሳይጠይቃችሁ ሻንጣውን ራሳችሁ ክፈቱለት። «ምንድነው?» ብሎ መጫወት እንድትጀምሩ ሊያደርጋችሁ ይችላል፤ ተጫወቱለት። አንድ ጊዜ ጥበቃው ነው ውስጥ ገብቶ «ጥሩ ልጅ መጥቷል» ያለልኝ።

አሁን ደግሞ «እናየዋለን» የሚለውን ቃል እንፍታ። እኛ አገር ፊት ለፊት «አይሆንም» የሚል የለም። «እናየዋለን» ማለት ገና አልሰማሁትም ማለት ነው። «አብሽር፣ ይተላለፋል» ማለት ጥሩ ሰው ነኝ ማለት ነው፤ ቀን አይደለም። «እሁድ 8 ሰዓት ላይ አስገባዋለሁ» ካለ እሱ ቀን ነው። ቀን ካልሰማችሁ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ደውሉ። ከዚያ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ መልእክት። ከዚያ ተዉት፤ ቀጣዩን ዘፈን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። በየቀኑ የሚደውል ሰው ስሙ ስልክ ላይ «አታንሳ» ተብሎ ነው የሚቀመጠው።

ገንዘብ ከተጠየቃችሁስ? እኔም ተጠይቄአለሁ፣ «ለካርድ» ተብሎ። አልሰጠሁም፤ ዘፈኑም ያኔ አልተላለፈም። ዘፈን ለማስተዋወቅ የአየር ሰዓት በደረሰኝ መግዛት ማስታወቂያ ነው፤ ምንም ነውር የለበትም። በእጅ የሚሰጥ ብር ግን ማቆሚያ የለውም። ዛሬ ከሰጣችሁ የሚቀጥለውም ዘፈን ዋጋ ወጣለት ማለት ነው፤ ከናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅም እንደዚያው።

ለጨዋታ ከተጠራችሁ

ብዙ ጊዜ ዘፈኑ ከተላለፈ በኋላ ለቃለ መጠይቅ ትጠራላችሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ወደ ሙዚቃው ዓለም እንዴት ገባህ?» ነው። ሁልጊዜ እሱ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሁሉም የሚለው ያንን ነው። አንድ ቦታና አንድ ቀን ተናገሩ። የባጃጁ ሾፌር ታሪክ ለጓደኛዬ እስካሁን ይሠራላታል።

መሲንቆ ይዛችሁ ከገባችሁ ዕጣን አትርሱ። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ይለያል፤ የፈረስ ጭራው ይላላል፣ ደጋኑ ይንሸራተታል። ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ገብታችሁ ቃኙ፤ ጭራውን ዕጣን አስነኩት። ማይኩ ከመሲንቆው አንድ ስንዝር ይራቅ።

ሰው እንዲደውል ጓደኞቻችሁን አታሰልፉ። አሥር ሰው በተከታታይ ደውሎ አንድ ዘፈን ከመረጠ አዘጋጇ ይገባታል። አንድ እውነተኛ አድማጭ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ደውሎ «ያች የባቲዋ ልጅ» ካለ እሱ ይበቃል።

የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። የዚያ ኤፍ ኤሞች በሞገድ ደሴ አይደርሱም፤ የናንተ ጎረቤት አይሰማቸውም። ደሴ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተላለፈ በኋላ የፕሮግራሙን ስምና ቀኑን ጠቅሳችሁ፣ በዚሁ ወረቀትና በዚሁ መልእክት ወደዚያ ላኩ።

የኔ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈ ቀን ፀጉሬን እየተቆረጥኩ ነበር። አዘጋጁ እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎኝ ስለነበር ሆን ብዬ ሬዲዮ ያለበት ፀጉር ቤት ገባሁ። 8 ከ20 ላይ ስሜ ተጠራ። ቅኝቱን በትክክል አነበበው። መሲንቆው አንድ ሐረግ አለና ድምፄ ገባ። ቆራጩ መቀሱን ያዝ አድርጎ ወደ ሬዲዮው ዞር አለ። ልቤ ቆመ። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጮኸ። ሬዲዮውን ቀነሰና ከሚስቱ ጋር ስለ በርበሬ ዋጋ ማውራት ጀመረ። ስልኩን ሲዘጋ ዘፈኔ አልቆ ማስታወቂያ ገብቷል።

ከአንገቴ ላይ ፎጣውን ሳላወልቅ ደብተሬን አውጥቼ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የፕሮግራሙን ስም ጻፍኩ።